እድራችን ስልክ ውስጥ የገባ ጊዜ

አዳማ ላይ አዲስ ነገር መምጣቱን መጀመሪያ የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው። ልጅ ሳለሁ ከተማዋን የሞላት የጋሪ ፈረስ ኮቴ ነበር። ከዚያ ባጃጅ መጣና ፈረሶቹ ወደ ዳር ተገፉ። አሁን ደግሞ ከየሰው ኪስ ጢን የሚል የመልእክት ድምፅ ይሰማል፤ ዳቦ ቤት ተሰልፌ እሰማዋለሁ፣ ቅዳሴ ቆሜ እሰማዋለሁ፣ ጸጉሬን ስስተካከልም አይቀርልኝም። ባለሱቁ «በስልክ ነው በእጅ?» ይለኛል። የጎረቤቴ ልጅ የሠርግ ጥሪ የደረሰኝ በስልክ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም ስስ ስለሆነ ጥሪው ሲጻፍ የተከራከሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ይህን ስል ማማረሬ አይደለም። ሰው የቀለለውን መንገድ ይወዳል፣ እኔም እወዳለሁ።

በሰፈራችን ዋና መንገድ ላይ ምድር ቤቱ ጎሚስታ የሆነ ፎቅ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ከጎሚስታው በላይ አንድ ክፍል ተከራዩና ስታርታፕ የሚሉትን ጀማሪ ድርጅት ከፈቱ። ነገሩ ለሰፈሩ እስኪገባው ጊዜ ፈጀ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ደረጃውን የወጡ ነበሩ፤ ልጃቸውን ኮምፒውተር ሊያስመዘግቡ የሄዱም ነበሩ። ልጆቹ ግን ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፤ ሲደክማቸው ተነሥተው ነጭ ሰሌዳ ፊት ይከራከራሉ። ከታች ጎማ ይመታል፣ ከላይ «ዩዘር» እና «ኢንቨስተር» የሚል ይሰማል። እየቆየ ሁለቱንም ለመድነው።

መሪያቸው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከነበረ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደግና ፈጣን ነው፣ ተስፋ መቁረጥም አያውቅም። አንድ ነገሩ ብቻ ይገርመኛል፤ እሱ ዘንድ ችግር ማለት ገበያ ወጥተው የሚፈልጉት ዕቃ ነው። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር ምን ችግር አለ?» ይለኛል። ውሃ ከጠፋ ሰነበተ ስለው ፊቱ አይፈካም። የሚፈልገው ስልክ የሚፈታውን ዓይነት ችግር ነው።

መጀመሪያ ያገኙት ችግር ባጃጅ መጥራት ነበር። አዳማ ላይ ባጃጅ በስልክ መጥራት ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ በቧንቧ እስኪመጣ እንደመጠበቅ ነው፤ ገና ከበር ብቅ ስትል ባጃጁ አጠገብህ ቆሟል። ያ ሥራ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ቀጥለው ወተት በየቤቱ ማድረስ ሞከሩ፤ በእኛ ሙቀት ወተቱ መንገድ ላይ እየረጋ ስላስቸገራቸው ተዉት። ልጁ ግን ስለሁለቱም ሲያወራ «ፌል አደረግን፣ ተማርንበት» ይላል፤ ሲናገረው ሽልማት ያገኘ እንጂ የከሰረ አይመስልም። ሦስተኛ ያገኘው ችግር እኛ ነን፤ እድራችን።

የእድራችን አባላት ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ናቸው፤ ስንሰበሰብ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀልን ነው የምንነታረከው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊያችን ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን ይዞር ነበር። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ግን ግማሹን ሳያዳርስ ይነጋበታል፤ ቀብር ያመለጣቸው አባላትም በየስብሰባው ይጮሁበታል። ልጁ መጥቶ ይህ ነገር በስልክ ይሁን ሲል ከሁላችን በላይ የተደሰተው ጡሩንባ ነፊው ነው። ጡሩንባውን አስረከበና ተገላገለ። እኔ የእድሩ እቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ስለሆንኩ ጡሩንባው አሁን ከትልልቆቹ ድስቶች በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሟቹና የአባሉ ስም ይገባል፣ አንድ ቁልፍ ይነካል፣ ለአባላት ሁሉ ባንድ ጊዜ መልእክት ይሄዳል። ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው አዛውንቶች ስለሚበዙ ልጁ መልእክቱ በማንኛውም ስልክ እንዲገባ አድርጎታል። ድንኳን የመትከል ተራ የደረሰው ወዲያው ያውቃል፣ ውሃ የሚቀዳውም ያውቃል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር። ከዚያ በፊት ድንኳን ለመትከል በየበሩ ሰው ስለምን የምውለው እኔ ነበርኩ።

ታብሌቱ የተሰጠው ለእድሩ ዳኛ ነው። ዳኛው ከወንጂ ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን በሸንኮራ መጭመቂያ ማሽን ዙሪያ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ማሽን አይፈሩም። ታብሌቱን በጥልፍ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይዞራሉ፤ ሻይ ቤት ሲቀመጡ ጨርቁን ገልጠው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ። እኛም ዳኛው ዘመናዊ ሆኑ እያልን እናሞካሻቸው ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። እትዬ የምለው ዘመዴ ሆና አይደለም፤ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። እናቴ ገበያ ስትወጣ የምትጠብቀኝ እሷ ስለነበረች እትዬ እያልኩ፣ አንቺ እያልኳት አደግሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ከፍታ ትኖራለች። ልጅ የላትም። ያላት አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሻሸመኔ ሚስት አግብቶ፣ ከባድ መኪና እየነዳ ኖረ፤ ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ ግን ቤት ውሏል። እትዬ በየቀኑ ትደውልለታለች። ምሳ ሰዓት አልፎ ጁስ ቤቱ ጋብ ሲል ትደውልና በላህ ወይ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ትለዋለች። መልሱን ከሰማች ትዘጋለች፤ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ስልኳ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ናት። ድሮ መልእክት ቢመጣላትም ዞር ብላ አታየውም ነበር። ኋላ ግን ደንበኞቿ በስልክ መክፈል ጀመሩ፤ አንዳንዱ ብልጣብልጥ የትናንትናውን መልእክት አሳይቷት እብስ ይላል። ያኔ የመከራት ልጁ ነው። «እትዬ፣ የሰው ስልክ አይመኑ፤ የራስዎ ስልክ ጢን ሳይል ማንንም አያሰናብቱ» አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ጢን ባለ ቁጥር እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣ ፊደል በፊደል ታነባለች። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማረች ሴት ናት፤ ሳታነብ የምታልፈው መልእክት የለም። ደም ግፊትም አለባት። አንድ ጊዜ እዚያው ጁስ ቤቷ ውስጥ ወድቃ ሐኪም ቤት ያደረስናት እኛው ነን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዳኛው ኮሚቴውን ቤታቸው ጠሩን። ልጁም ታብሌቱ ላይ የሚያስተካክለው ነገር ስለነበረው እዚያው ነው። ዳኛው ፊታቸው ጠቁሯል። ከሻሸመኔ ተደውሎላቸው ነው፤ የእትዬ ወንድም ከረፋዱ አርፏል። ቤተሰቡ ለእሷ አልነገሯትም፤ በወጉ አርዷት ብለው አደራውን ለሰፈሩ ሰጥተዋል።

ይህ እንዴት እንደሚደረግ በእኛ ዘንድ ማንም ማንንም አይጠይቅም። መርዶ በመሸ አይነገርም፤ ሰው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ማደር የለበትም። ሲነጋጋ ሽማግሌና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሚደግፋት ሰው በግራ በቀኟ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገራል። እስከዚያ ሁሉም ያውቃል፣ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ አታውቅም። ሐሰት ነው ካላችሁ ሐሰት ነው፤ በዚህ ሰፈር የማውቀው ደግ ሐሰት ግን ይኸው ነው። ንጋት ላይ ዳኛው፣ የንስሐ አባቷ፣ እኔና ሁለት ሴቶች እንድንሄድ ተስማማን። አንደኛዋ ሴት ነርስ ናት፤ ግፊቷን ትከታተላለች ተባለ። ከዚያ በሚኒባስ ለቀብር ሻሸመኔ እንወርዳለን። ሰፈሩ ለቅሶ የሚቀመጠው ግን ግቢያችን ስለሆነ እዚህም ድንኳን መተከል አለበት።

የድንኳኑ ነገር ሲነሳ ዳኛው ታብሌቱን ከጨርቁ ፈቱት። ጠዋት ሰው ከምንለምን አሁን ብናስገባው ተረኞቹ ይዘጋጃሉ አሉ። ማንም አልተቃወመም። የወንድሟን ስም ጻፉ፤ የሷን ስም ከአባላት ዝርዝር ፈልገው አገኙት፤ ቁልፉን ነኩ።

የዳኛው ኪስ ጢን አለ። የገንዘብ ያዡ ኪስ ጢን አለ። ቀጥሎ የኔ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ተራ በተራ ጮኸ። አውጥቼ አነበብኩት፤ የአባላችን ወንድም በሞት ስለተለየ ነገ በቤቷ ተገኝተን እንድናስተዛዝናት ይላል፤ ስሟ ከነአባቷ አለ፣ የሱም ስም አለ።

ገንዘብ ያዡ ናቸው ወደ ልጁ ዞረው የጠየቁት። «ለሷም ሄዷል?»

«አባል አይደሉም እንዴ?» አለ ልጁ። አፉን ሳይዘጋ የተናገረው ነገር ገባው።

ልጁ ታብሌቱን ነጥቆ መልእክቱን ሊመልሰው ታገለ። ከታብሌቱ ላይ ጠፋ፤ ከየሰው ስልክ ግን አይጠፋም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዳኛው ሶፋቸው ላይ ተሰብስበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው አጉተመተሙ። እኔ ተናደድኩ። በዳኛው መናደድ አልሆነልኝም፤ በልጁም እንደዚያው። የተናደድኩት በዚያች ኪሴ ውስጥ በምትጮህ ነገር ነው፤ ለጁስ ሒሳብም ለሰው ሞትም አንድ ድምፅ ነው ያላት።

ስልኳን ከእጇ የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ አንድ ግቢ ስለሆናችሁ አትጠረጥርም አሉኝ። የመጀመሪያው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ሹፌሩ እጁን ለዘረጋ ሁሉ የሚቆም መሰለኝ። ጁስ ቤቷ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኛለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ምንም የለም። ሁለት የሚኒባስ ረዳቶች ጥግ ተቀምጠው ይጠጣሉ። እትዬ ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማለች፣ ስልኳ እጇ ላይ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። አየችኝና ትንሽ ቆየች።

«መጣህ?» አለችኝ። «ተቀመጥ፣ ስፕሪስ ልሥራልህ።»

እምቢ ብል ያስነቃብኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሠራ ከወትሮው ቆየች። ስታመጣው ግን እንደ ሁልጊዜው ነው፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሃል፣ ፓፓያው ከላይ፣ አንዱ ካንዱ ሳይደባለቅ። ጠጣሁ። ከዚያ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ ስልክሽን ልዋስሽ ብዬ ጠየቅኳት። ከሽርጧ ኪስ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጨምራም ይዤው እንድሄድና ጠዋት እንድመልስላት፣ ዛሬስ ጢን ጢኑ እንደሰለቻት ነገረችኝ። እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

የመናኸሪያው አጥር ጥግ ደርሼ መልእክቶቿን ከፈትኩ። የጁስ ክፍያ በላይ በላይ ተደርድሯል። የእድሩ መልእክት የለም። ዳግመኛ አየሁ፤ የለም። የደወለችባቸውን ቁጥሮችም አየሁ፤ መጀመሪያው ላይ ያለው የወንድሟ ነው። የየቀኑ ነገር ስለሆነ አልገረመኝም። እንዲያውም ዛሬ የሚያነሳላት ሰው እንዳልነበረ አስቤ ሆዴ ባባ።

ወዲያው ለልጁ ደወልኩለት። በስልክ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ለአንዳንድ ሰው ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ኔትወርክ ነው ጋሼ አለኝ። ሳማርረው የኖርኩትን ኔትወርክ ያን ቀን መረቅሁት። ዳኛው ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ሰማይ አማተቡ አሉ።

የቀረን ችግር ሰው ነው። መልእክቱ ለሰፈሩ ሁሉ ስለደረሰ ነገ የተባለውን ያላስተዋለ ሁሉ መምጣት ጀምሯል። ዳኛው በርጩማ ይዘው የግቢያችን መታጠፊያ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚመጡትን እያስቆሙ ገና እንዳልተነገራት ይነግሯቸዋል፤ እነሱም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንዳላዩ ሆነው ይመለሳሉ። አንዲት ኦሮሞ ጎረቤታችን ግን መመለስ አልሆነላትም። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ እንደማንኛውም ቀን «አካም ጂርታ» እያለች ገባች። እትዬ ከጁስ ቤት ተመልሳ ሻይ እየጣደች ነበር። ተቀምጠው ስለ ሴትዮዋ ልጅ ፈተና አወሩ፣ ስለ ሙቀቱ አወሩ። ጎረቤታችን ዓይኗ ሲሞላ ጭሱ ነው አለች፤ እትዬም ጭሱ ነው አለቻት። ማን ማንን እያታለለ እንደሆነ ያኔ ብጠየቅ ሳላመነታ እመልስ ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እትዬ ግቢው መሃል ላስቲክ ላይ ያሰጣችውን በርበሬ ማፈስ ጀመረች። ገና እርጥብ ነው። ለምን ታነሺዋለሽ ስላት ዝናብ ሊመጣ ነው አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ የአዳማ የበጋ ሰማይ ነው፣ ደመና የሚባል የለበትም። አገዝኳት። ቀጥላ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታች፣ ባልዲዎቹን ወደ ዳር አስጠጋች፣ መሃሉን ጠረገችው። እኔ ደግሞ ነገ ድንኳን ተካዮቹ አይቸገሩም ብዬ ደስ አለኝ። የእቃ ቤት ቁልፍ ያዥ የሚያስበው እንዲህ ነው።

ሲነጋጋ ሄድን። ገና አንዴ ስናንኳኳ ከፈተች፤ ለብሳ ነበር። የንስሐ አባቷ መስቀል አሳለሟትና ስለዚህ ዓለም ኃላፊ ጠፊነት፣ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ጀመሩ። ነርሷ ተጠግታት ተቀመጠች። በመጨረሻ ዳኛው ነገሯት። ጮኸች። ብዙ ለቅሶ ቤት ቆሜአለሁ፤ የማስመሰልና የእውነት ጩኸት አይጠፋኝም፤ የሷ ከሆዷ ነው የወጣው። ያዘልኩህ ወንድሜ እያለች ወደቀች፤ ሴቶቹ በግራ በቀኝ ያዟት። ያቺ የማታዋ ጎረቤታችን «ጀባዹ፣ ጀባዹ» እያለች፣ በርቺ እያለች፣ ራሷ ትንሰቀሰቃለች። እኔም አለቀስኩ። ግፊቷ ሲለካ የሚያሰጋ አልነበረም። ዳኛው ወደ ውጭ ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተመስገን፣ በወጉ ተነገራት ሲሉ ሰማኋቸው። ሸክሙ ከትከሻቸው ሲወርድ ታየኝ።

ሻሸመኔ ወርደን ቀበርነው። ሹፌር የነበረ ሰው ስለሆነ ከየመንገዱ የመጡ ሹፌሮች መኪናቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች እስከ ዋናው መንገድ ደርድረው ነበር። በማግሥቱ አዳማ ስንመለስ ድንኳኑ ግቢያችን መሃል ተተክሎ ጠበቀን።

ልጁ ከዚያ ሳምንት በኋላ ብዙ አልታየም። ሲወጣ ጠቁሮና ከስቶ ነው፤ ግን ሥራውን ይዞ ወጣ። አሁን ዳኛው ስም ሲያስገቡ ታብሌቱ መጀመሪያ መርዶ ተነግሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አልተነገረም ከተባለ ለሟቹ ቤተሰብ ስልኮች መልእክቱን ይዞ ያቆያል፤ ለሌሎቹም ከንጋት በፊት ደጁን እንዳይረግጡ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለ ነገር ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ ማየት ግራ ያጋባል፤ ግን ይሠራል። የሌሎች ሰፈሮች እድሮች መጥተው ጠየቁት። ወሬው ራቅ ብሎም ተሰማና፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ለስታርታፖች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ እንዲካፈል ተመረጠ። ያን ዕለት በፎቁ መስኮት ጮኾ የተናገረው ለጎሚስታው ጭምር ነው።

የወንድሟ አርባ ከዚያ ሥልጠና ማብቂያ ጋር ገጠመ። ሻሸመኔ አርባውን አውጥተን ስንመለስ ላንጋኖ መገንጠያው ላይ ቆመን ልጁን ጫንነው። አንገቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ እንደተንጠለጠለ ነው። ደስታው ሚኒባሱን ሞላው። ባለሀብቶች ፊት ቆሞ የእኛን ሰፈር ታሪክ እንደተናገረ፣ ያን ቀን ኔትወርክ ባያድነን ኖሮ አንዲት እናት የወንድሟን መርዶ በስልክ መልእክት ትሰማ እንደነበር እንደነገራቸው፣ ሲጨርስም እንደተጨበጨበለት ነገረን። እትዬ ዞር ብላ መረቀችው። ብዙ ሳይቆይ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ዳኛው ከፊት ከሹፌሩ ጋር የድሮ ወንጂን ያወራሉ።

ቡልቡላን ስናልፍ ነው እትዬ ልጁን መለስ ብላ አይታ ወደ ጆሮዬ የተጠጋችው።

«ኔትወርክ አልነበረም» አለችኝ። «ደርሶኛል። ስፕሪሱን ስሠራ ጀርባዬን ሰጥቼህ አጠፋሁት። ስልክ ፍለጋ እንደመጣህ ገብቶኝ ነበር።»

ለምን ብዬ ጠየቅኳት፤ ያን ሁሉ ሰዓት ብቻሽን እንዴት ቻልሽው አልኳት። የጁስ ሒሳብ በሚመጣበት መንገድ ወንድሟ እንዲመጣባት እንዳልፈለገች ነገረችኝ። እዚያ ጁስ ቤት ብትጮህ ኖሮ ለዘላለም መርዶዋን በስልክ የተረዳች ሴት ትባላለች፤ ዳኛው በዚህ ዕድሜያቸው ያንን ተሸክመው ይኖራሉ፤ ልጁም ሥራውን ይጥላል። ሰው ሁሉ እሷን ለመደገፍ ሲራወጥ እያየች፣ ቀድሜ አውቄዋለሁ ብሎ ማሳፈር አልሆነላትም። ሌሊቱን ትራሷን ነክሳ አደረች። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ እንኳን መጣችሁልኝ ብላ ነው በሩን የከፈተችው። ለልጁም ለዳኛውም እንዳልነግር አማለችኝ፤ ማልኩላት። ሁለቱንም በስም አልጠራኋቸውምና መሐላዬን የበላሁ አይመስለኝም።

መስኮቱን እያየች ቀጠለች።

«መልእክቱ ሲመጣ አላመንኩትም፤ የሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ደወልኩለት። ሌላ ሰው አነሳው። ስጡኝ ስል ተኝቷል አሉኝ። እንግዲያው አትቀስቅሱት ብዬ ዘጋሁ።» እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች። «ያኔም እኮ ገና አላመንኩም ነበር። ቀና ስል አንተ በር ላይ ቆመሃል። ፊትህን ሳይ ነው ያመንኩት። ስልኩ አይደለም፤ ያረዳኸኝ አንተ ነህ።»

እኔ እኮ ያን ቀን ተቀምጬ ስፕሪሱን እስከ ታች ጠጥቼዋለሁ።